ነብር የሚጾምበት ሰፈር

ሁለት ሰው “እስቲ ከከተማ ትንሽ ዞር ብለን እንምጣ” ሲባባል እግሩ የሚያመራው ሁሌም ወደ ውኃ ዳር ነው። ቢሾፍቱ፣ ላንጋኖ፣ ሐዋሳ። ውኃ ዳር መጥፎ ነው አልልም፤ ዓሣው ጥሩ ነው። ግን ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ እዚያ ተደርሶ የሚደረገው አዲስ አበባ የሚደረገው ነው። ጥብስ ይታዘዛል፣ ስልክ ይነካካል፣ አጠገብ ፎቶ የሚነሡ ሙሽሮች ይታያሉ፣ ማታ ሙዚቃው እስከ እኩለ ሌሊት ይደለቃል። እሑድ ከሰዓት መንገዱ ተጨናንቆ ሁለቱም መኪና ውስጥ ሆነው “ኧረ ደክሞኛል” ይባባላሉ። ለማረፍ ነበር የሄዱት።

ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለ ሌላ ዓይነት ማረፊያ ነው፤ ገበሬ ግቢ ውስጥ ስላለች፣ ለሁለት ሰው ስለምትበቃ ጎጆ። ገበሬ ስል የምሩን ገበሬ ነው። ሞፈርና ቀንበር ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ በር ላይ እንስራ ደርድሮ “ባህላዊ” የሚባለውን አይደለም። ሞፈሩ ግድግዳ ላይ ከወጣ እርሻው ቀርቷል ማለት ነው። እኔ የምላችሁ፣ እናንተ መጣችሁ ቀራችሁ ላሚቱ በሰዓቷ የምትታለብበትን፣ ፍጉ በማለዳ የሚወጣበትን፣ እንግዳ አለ ተብሎ ሥራ የማይቆምበትን ግቢ ነው።

ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። አያቶቻችን ለጫጉላ ሩቅ አገር አልሄዱም። በገጠሩ ወግ ሙሽሮቹ እዚያው ቤተሰቡ ግቢ ውስጥ በተዘጋጀችላቸው ጫጉላ ቤት ይከታሉ፤ ሚዜዎች ደጁን ይዘው የሚበላውንና የሚጠጣውን ያቀርባሉ። ከደጃፉ ወዲያ በሬው ይጠመዳል፣ ከብቱ ይሰማራል፣ ሴቱ ይፈጫል ይጋግራል። በግቢው ውስጥ ሥራ የሌላቸው ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሌላው ሰው ሲሠራ እየሰሙ መተኛት ያለውን ጣዕም የቀመሰ ያውቀዋል። ሁሉም የሚተኛበት ቦታ ስትሄዱ ግን እንቅልፉም እንደ ግዴታ ይሆንባችኋል።

የማጫውታችሁ ስለ ዶርዜ ነው። ሽሮ ሜዳ ገብታችሁ ጋቢ ወይም የሐበሻ ቀሚስ የገዛችሁ ሁሉ ዶርዜን በስም ታውቁታላችሁ፤ እዚያ ከሚሸምኑት ብዙዎቹ አገራቸው ጋሞ ነው። አገሩን ግን ከለባሹ ስንቱ አይቶታል? ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዳችሁ አርባ ምንጭ ትደርሳላችሁ፤ አውሮፕላንም አለ። አርባ ምንጭ ቆላ ናት፤ ሙዝ፣ ማንጎ፣ ሙቀት። ከዚያ ወደ ጨንቻ የሚወስደውን ዳገት ስትይዙ፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነች መንገድ ከ1,300 ሜትር ተነሥታችሁ ወደ 2,500 ሜትር ትወጣላችሁ። ጆሮ ይደፈናል። ሙዙ ይቀርና እንሰቱ ይጀምራል፤ ሹራብ ትፈልጋላችሁ። አንዱ መታጠፊያ ላይ ቁሙና ወደ ኋላ ተመልከቱ፤ አባያና ጫሞ ጎን ለጎን ተኝተዋል። አባያ ደለሉ በዝቶ ቀላ ያለ ነው፣ ጫሞ ሰማያዊ፤ በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ የሚባለው ጠባብ መሬት አለ።

በዚሁ መንገድ ልጆች መኪና ባዩ ቁጥር ዳር ወጥተው ይጨፍራሉ፣ ይገለባበጣሉ። ያስቃል፣ ደስም ይላል፤ ሳንቲም በመስኮት መወርወሩን ግን ተዉት። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፣ ልጁ ዓይኑ ሳንቲሙ ላይ ነው፣ ከኋላ የሚመጣው ሾፌር ደግሞ ይህን አያውቅም። መስጠት ከፈለጋችሁ የምታድሩበት ግቢ ከደረሳችሁ በኋላ የምትሰጡበት መንገድ ሞልቷል።

የዶርዜን ቤት በሥዕል ሳታዩት አትቀሩም፤ የዝሆን ራስ የሚመስለው ነው። ፊት ለፊት ኩምቢ የምታህል መግቢያ ወጣ ብላለች፣ ከላይ ግራና ቀኝ እንደ ዓይን ያሉ ሁለት ክፍተቶች አሉ፤ ጭሱ በዚያ ይወጣል። ድሮ በዚህ አገር ዝሆን ነበር፣ ቤቱም የእሱ መታሰቢያ ነው ይላሉ የአገሩ ሰዎች። እኔን የገረመኝ ግን አሠራሩ ነው። ምሰሶ መሀል ላይ አይቆምም፣ ምስማር አይመታም። ቀርቀሃ እየተሰነጠቀ እንደ ትልቅ መሶብ ከታች ወደ ላይ ይሰፋል፣ ከዚያ በቀርቀሃና በእንሰት ሽፋን ይለበጣል። ቁመቱ 12 ሜትር የሚደርስ አለ። መሬቱን የነካውን ጫፍ ምስጥ ይበላዋል፤ የተበላው ይቆረጥና ቤቱ ትንሽ ዝቅ ይላል። ደግሞ ይበላል፣ ደግሞ ይቆረጣል። ስለዚህ ረጅሙ ቤት አዲስ ነው፣ አጭሩ ሽማግሌ። ቦታው ካልተመቸም ቤቱ ሙሉውን ከመሬት ተነሥቶ በሰው ሸክም ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ስንቀይር የምናየውን መከራ ሳስብ በጣም ነው የቀናሁት።

በአንድ ግቢ ውስጥ ከዋናው ቤት ሌላ ትናንሽ ጎጆዎች አሉ። አንዷ ማብሰያ ናት፣ አንዷ የሽመና ቦታ፣ አንዷም አዲስ የተጋቡ ልጆች የሚያርፉባት። ለእንግዳ የሚሰጠውም የዚህችው መጠን ያላት ጎጆ ነው፤ የቀርቀሃ አልጋ፣ ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ አለቀ። ቁም ሣጥን የለ፣ ቴሌቪዥን የለ። ሁለት ሰው ሲገባባት ትሞላለች፤ ሦስተኛ የሚሆን ቦታ የላትም፤ ስልክም ቢሆን ቻርጅ ለማድረግ ዋናው ቤት መሄድ አለበት።

ዋናው ቤት ውስጥ ስትገቡ መጀመሪያ ጨለማ ነው። ዓይናችሁ ሲለምድ እሳቱን ታያላችሁ፣ ከእሳቱ ጀርባ የቀርቀሃ ክፍልፍል፣ ከክፍልፍሉ ወዲያ የላም ዓይን። አዎ፣ ከብቶቹ የሚያድሩት ቤት ውስጥ ነው። የከተማ ሰው እዚህ ላይ ፊቱን ያጨማድዳል። ግን አስቡት፤ ደጋ ነው፣ ሌሊቱ ይበርዳል፣ የከብቱ ትንፋሽ ቤቱን ያሞቃል። ከጅብና ከነብርም ይጠበቃሉ። ዋናው ነገር ደግሞ ፍጉ ነው። እንሰት ያለ ፍግ አይሆንም። ጠዋት ጠዋት ከቤቱ የሚጠረገው ሁሉ በቀጥታ ከጓሮ ካለው እንሰት ሥር ይደፋል፤ እንሰቱ ቤተሰቡን ይመግባል፣ ቅጠሉ ከብቱን ይቀልባል፣ ከብቱ ደግሞ መልሶ ፍግ ይሰጣል። ለዚህ ነው እንሰቱ ሁልጊዜ ቤቱን ተጠግቶ የሚተከለው፣ ገብሱና ባቄላው ግን ራቅ ብሎ በተዳፋቱ ላይ ሁለት ጥርስ ባለው መቆፈሪያ ተቆፍሮ የሚዘራው።

ነብር ካልሁ አይቀር፣ ይህን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ከ50 ዓመት በፊት ዳን ስፐርበር የሚባል ፈረንሳዊ አንትሮፖሎጂስት ዶርዜ ተቀምጦ የሕዝቡን እምነትና አነጋገር ያጠና ነበር። ከሰማቸው ነገሮች አንዱ ነብር ክርስቲያን ነው፣ ጾም ያከብራል የሚል ነው። እንዲህ ከሆነ ረቡዕና ዓርብ ሥጋ አይነካም ማለት ነው። ሰውየው ሲመለከት ግን ዶርዜዎች ረቡዕም ዓርብም ከብታቸውን እንደ ሌላው ቀን ይጠብቃሉ። ነብሩ ጿሚ ነው፤ ነብሩ አደገኛ ነው፤ ሁለቱም እውነት ነው፣ ማንም አልተጨነቀበትም። ስፐርበር ይህን ይዞ ስለ ሰው ልጅ ምሳሌያዊ አስተሳሰብ በዓለም የታወቀ መጽሐፍ ጻፈ። እኔ ግን ብዙም አልገረመኝ። እኛስ “ሰውየው እኮ ጿሚ ነው” ብለን ስናበቃ ቼክ ሲሰጠን መጀመሪያ ባንክ ሄደን እናረጋግጥ የለ?

ወደ ግቢው ልመልሳችሁ። ጠዋት ከጎጆዋ ስትወጡ ጉም ይኖራል፤ እንሰቱ ከወገቡ በላይ አይታይም። ቀድማችሁ የምትሰሙት ድምፅ የፍቂያ ነው። እማወራዋ መሬት ላይ ቁጭ ብላለች። ፊት ለፊቷ አንድ ሳንቃ ዘመም ብሎ ከቆመ እንሰት ጋር ታስሯል። ከተቆረጠው እንሰት አንድ ሽፋን ታነሣለች፣ ሳንቃው ላይ ታጋድመዋለች፣ አንድ እግሯን ከፍ አድርጋ በተረከዟ ትረግጠዋለች፤ ከዚያ በሁለት እጇ በያዘችው የቀርቀሃ ስንጣቂ ከላይ ወደ ታች ትፍቃለች። ነጩ ሥጋ ከነውኃው ወደ ታች ይወርዳል፣ ሳንቃው ላይ የሚቀረው የሚያብረቀርቅ ቃጫ ነው። ሥጋው ለቆጮ፣ ውኃው ሲጠልል የሚቀረው ዱቄት ለቡላ፣ ቃጫው ለገመድ። የሚጣል ነገር ፈልጌ አጣሁ። ይህ እንግዲህ ተተክሎ አራት አምስት ዓመትና ከዚያም በላይ የተጠበቀ ተክል ነው፤ ከተፋቀም በኋላ በቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ገብቶ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይብላላል። ጓሮው እንሰት የሞላበት ሰው ዝናብ አንድ ዓመት ቢቀርበት ቶሎ አይደነግጥም።

አብራኝ የሄደችው ባለቤቴ ዝም ብላ ማየት አይሆንላትም፤ ልሞክር አለች። ሴትየዋ እየሳቀች ቦታዋን ለቀቀችላት። “እትዬ፣ በጣትዎ አይደለም፤ በተረከዝዎ ነው የሚጫኑት።” እኔ በበኩሌ ወደ ሸማኔው ሄድሁ። ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ በእግሩ ድሩን ይከፍታል፣ በእጁ መወርወሪያውን ይልካል፣ ማጉን ይመታል። በዶርዜ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል፤ ስለዚህ እኔ እዚያ በመቀመጤ ማንም አልሳቀም። የሳቁት መወርወሪያውን ሳነሣ ነው።

ይህን የምላችሁ የጉብኝት ወሬ ለማብዛት አይደለም። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ “እስቲ እናውራ” ቢል ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ወሬው ያልቅበታል፤ ቀጥሎ የሚመጣው የቤት ኪራይና የዘመድ ጉዳይ ነው። ጎን ለጎን ሆኖ ሌላ ነገር የሚያይና እጁን የሚያንቀሳቅስ ከሆነ ግን ጨዋታው አያልቅም። የእኛ እንኳ ማታ ላይ የእሷ ተረከዝና የእኔ መወርወሪያ ብቻውን በቅቶን ነበር። ውኃ ዳር ያለው ሆቴል ሁሉንም ነገር ሠርቶ ያቀርብላችኋል፤ ለእናንተ የሚተርፍ ሥራ የለም። ገበሬው ግቢ ግን ሥራ ሞልቷል፤ ማንም አያስገድዳችሁም፣ ማንም አይከለክላችሁም።

ምግቡን እንምጣበት። ቆጮው ከጉድጓዱ ሲወጣ ቃጫው እንዲያጥር በቢላ በደንብ ይከተከታል፤ ከዚያ ሊጡ በእንሰት ቅጠል መሀል ሆኖ ምጣድ ላይ ይጋገራል። ሽታው ለማያውቀው ከበድ ይላል፣ አልዋሻችሁም። ሲጋገር ግን ያ ሽታ ይጠፋና ትንሽ የጎመዘዘ፣ እሳት የሸተተ ቂጣ ይሆናል። ከማርና ከዳጣ ጋር ይቀርባል። ማሩ አንድ ወገን፣ ዳጣው አንድ ወገን፤ ሁለት ሰው ሲበላው ማን ወደ ማሩ እንደሚያዘነብል ወዲያው ይታወቃል። ቀጥሎ አረቄ ይመጣል። አረቄውን በልክ እንድትይዙት ለወንዶቻችን አደራ እላለሁ፤ ደጋ ላይ አያስታውቅም፣ ስትነሡ ነው የሚናገረው።

ማታ ዋናው ቤት እሳት ዳር ትቀመጣላችሁ። ከክፍልፍሉ ወዲያ ላሚቱ ታመሰኳለች። የቤቱ ሰው ስለ ገበያው፣ አዲስ አበባ ስላለው ልጁ፣ ስለ ጥጥ ዋጋ ያወራል። ጭሱ ዓይን ይቆጠቁጣል፤ ቀርቀሃውን ከነቀዝ የሚጠብቀው እሱ ስለሆነ ማንም አያማርርበትም። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ሁሉም ይተኛል፤ እናንተም ሌላ ምርጫ የላችሁም።

ጣሊያኖች ይህን ነገር ገብቷቸው በሕግ ነው ያሰሩት። ገጠራቸው ሰው እየለቀቀው ሲሄድ፣ ገበሬው እንግዳ አሳድሮና አብልቶ ገቢ እንዲያገኝ እ.ኤ.አ. በ1985 ሕግ አወጡ። አግሪቱሪዝሞ ይሉታል። የሕጉ ቁም ነገር እርሻው ዋና፣ እንግዳው ተጨማሪ መሆን አለበት የሚለው ነው፤ እርሻውን ትቶ ሆቴል ብቻ የሆነ በዚያ ስም አይጠራም። እኛም አገር ይህ ሐሳብ ቢለመድ እወዳለሁ። በሰሜን፣ በመቄት ገደል አፋፍ ላይ የየቀበሌው ገበሬዎች በማኅበር ሆነው እንግዳ የሚያሳድሩባቸው ጎጆዎች ነበሯቸው፤ እንግዳው ከጎጆ ጎጆ በእግሩ ይሄዳል፣ ሻንጣውን አህያ ትሸከማለች። ሰላም ሲመለስ እንደገና የሚነሣ ሥራ ነው። የምፈራው ሌላ ነው። አንድ ባለሀብት መጥቶ ከገበሬው ግቢ አጠገብ ሃያ የኮንክሪት ጎጆ ደርድሮ በሣር ከድኖ፣ ገበሬውን ዘበኛ አድርጎ ይቀጥረዋል። ያኔ እንሰቱ ለጌጥ ይተከላል፣ ፍጉ ይሸታል ተብሎ ይከለከላል።

ችግሩንም ልንገራችሁ፣ ኋላ እንዳትወቅሱኝ። መፀዳጃው ውጭ ነው። ሙቅ ውኃ ካለ በባልዲ ነው። ቁንጫ አይጠፋም። ዝናብ ከጣለ ጭቃው ጫማ ያወልቃል። ዶሮው በአሥር ሰዓት ሌሊት ይጮኻል፣ የሚያስቆመው የለም። ከሁለታችሁ አንዳችሁ እነዚህን የማይችል ከሆነ አትሂዱ፤ ሐዋሳ እንዳለች ናት። ፈቃደኛ ያልሆነን ሰው ጎትቶ ገጠር ማሳደር ማረፊያ ሳይሆን የጠብ ምክንያት ነው። በእርግጥ ለጠብም ጋሞ ጥሩ አገር ነው። በ2011 ዓ.ም. መስከረም ላይ አርባ ምንጭ ውስጥ የተቆጣ ወጣት ለበቀል ሲወጣ፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ፊቱ ተንበርክከው የመለሱት እዚሁ ነው። ያን የመለሰ ሽማግሌ የባልና ሚስት ኩርፊያ አያቅተውም።

ክፍያውን በተመለከተ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ተስማሙ፣ ከዚያ አትከራከሩ። ማደሪያው ለብቻ፣ ምግቡ ለብቻ፣ መንገድ የሚያሳያችሁ ልጅ ለብቻ ነው። ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ሴትየዋ እየፋቀች ያለችው ለእናንተ ካሜራ አይደለም፣ ለቤተሰቧ እራት ነው። ከመነሣታችሁ በፊትም መንገዱ ሰላም መሆኑን ከሾፌሮች አጣሩ።

ጊዜውን ደግሞ ከኅዳር እስከ የካቲት አድርጉት፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ሌሊቱ ግን ይበርዳል። ከመጋቢት ወዲያ በልጉ ከባድ ነው። መስቀል ሰሞን ለመሄድ ያሰባችሁ ቀድማችሁ ቦታ ያዙ፤ በጋሞ ትልቁ በዓል እሱ ነው፣ ሽሮ ሜዳ ያለው ሸማኔ ሁሉ አገሩ ይገባል፣ ቤቱም መንገዱም ይሞላል። የዶርዜ ገበያ ሰኞና ሐሙስ ነው። ረቡዕ ማታ ብትደርሱ ይሻላል፤ አንደኛ ነብሩ ጾም ላይ ነው፣ ሁለተኛ በማግስቱ ገበያውን ታገኛላችሁ። ጋቢ ከአዲስ አበባ ይዛችሁ እንዳትሄዱ። የመጀመሪያዋን ሌሊት በባለቤቶቹ ብርድ ልብስ እደሩና ሐሙስ ጠዋት ከሸመነው ሰው እጅ ግዙት።